ጽጌረዳና ጀራኒየም የባሕር ዳርን ክረምት እንዲሻገሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ከጣና ዳር ብዙ የማይርቅ ግቢ አለኝ፤ ጀራኒየምና ጽጌረዳዎቹ ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆነው ነሐሴ ላይ አለቁ፤ ዘንድሮ ገለባ አልብሼ ከብርዱ ላድናቸው ወይ?» የሚል ነው። አታልብሻቸው። ገለባውን ለበጋ አስቀምጪው።

አበባን ገለባ የማልበሱ ምክር ከበረዶ አገር የመጣ ነው። እነሱ ክረምት የሚሉት አፈሩ እንደ ድንጋይ የሚደርቅበትን ውርጭ ነው። የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሌሊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጀራኒየም በብርዱ አይሞትም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይወርዳል። አበቦችሽን የገደላቸው እግራቸው ሥር የተኛው ውኃ ነው። በዚያ ላይ ገለባ ብትከምሪበት እርጥበቱን ታፍኛለሽ፣ ለቀንድ አውጣም ቤት ትሠሪያለሽ።

ሥርም ይተነፍሳል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች በውኃ ሲሞሉ አየር ያጥረዋል፤ መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይሞታሉ፣ ከዚያ ሻጋታው ይገባል። ሥሩ የሞተ ተክል ውኃ መሳብ ስለማይችል ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል ቅጠሉ ጠውልጎ ይንጠለጠላል። ይህን ያየ ሰው «ተጠምቶ ነው» ብሎ ውኃ ይጨምርለታል፤ ያኔ ነገሩ አለቀ። እንዲህ ሲሆን ስታዪ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ውኃ አታስጠጊው። ጀራኒየም ከሆነ የግንዱን እግር ተመልከቺ። ከአፈሩ ጀምሮ ወደ ላይ ከጠቆረና ሲጫኑት ከሟሸሸ አይድንም፤ ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይው፣ በዚያው ጉድጓድም ሌላ ጀራኒየም አትትከዪ።

ሥራው ያለው ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ ገብቶ ጭቃ ላይ መቆፈር አፈሩን አድቅቆ እንደ ሸክላ ያደርገዋል። በመጀመሪያ መሬቱን ፈትኚው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረሽ ውኃ ሙይበት፤ ያ ከሰረገ በኋላ ደግመሽ ሙይና በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ በእንጨት ለኪ። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳን ካልወረደ ሜዳው ላይ ጽጌረዳ አትትከዪ። ጥቁር ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ይወድቃል፣ ቀይ አፈር ይሻላል።

ዋልካ ላይ ሁሉም የሚሠራው ስህተት አለ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈርና በፍግ መሙላት። ዙሪያው ውኃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ የግቢው ውኃ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። መፍትሔው ወደ ላይ መሥራት ነው። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መደብ አውጪ፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዢው፤ ድንጋዮቹን ግን በሲሚንቶ አትድፈኛቸው፣ ውኃው በመካከላቸው ይውጣ። ለመደቡ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ደባልቂ። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ብቻ ጣል ማድረግ ጡብ ከመሥራት አይለይም። ከመደቡ ጎን ቦይ አውጪ፤ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከሄደ ይበቃዋል። ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ ብቻ።

ጣራውንም አትርሺ። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,500 ሊትር ውኃ ነው። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ የሚወርደው ብዙ ሰው አበባ የሚተክልበት የግድግዳ ጥግ ላይ ነው።

ግቢሽ በጣም ለሐይቁ ከቀረበ ደግሞ ቦይ ብቻውን አይበቃም። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ ወደ መስከረም ነው፤ ያኔ ውኃው ከታች ነው የሚመጣው። አጥሩ ሥር ደንገል የሚበቅል ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። እዚያ ካና የሚባለውን አበባ ትከዪ፣ እርጥበት ይችላል። ጀራኒየሙን ወደ ማሰሮ ወይም ወደ ባልዲ አውጪው።

የማሰሮ ነገር፦ ከታች 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይኑሩት፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፣ ሥሩ ያለውን ሳህን እስከ መስከረም አንሺው። ከታች ጠጠር መሙላት አይጠቅምም። ውኃ ከአፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እንደረጠበ ይቀራል፣ ሥሩም የሚያድግበት ቦታ ይጠበዋል። ጀራኒየሙን ዝናብ በማያገኘው ግን ብርሃን ባለው በረንዳ አስቀምጪው።

ለማንኛውም ግንቦት ላይ ከእያንዳንዱ ጀራኒየም ሁለት ሦስት ቁራጭ ያዢ። አበባ የሌለውን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከአንጓው ሥር ቁረጪ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሺ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አሳድሪው፣ ከዚያ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ኮምፖስት ውስጥ ትከዪ። ላስቲክ አታልብሺው፤ ሌላ ቁራጭ ይወደዋል፣ ጀራኒየም ግን ይበሰብሳል።

ጽጌረዳ ላይ ቢጫ ቅጠል ሁሉ ከሥር አይመጣም። ቅጠሉ ላይ ጠርዙ የተንጨባረረ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ የቅጠል በሽታ ነው፤ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይይዘዋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ መሐሉን አሳሺው፣ የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች አውጪ፣ ነፋስ ይግባው። መቀሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ በበረኪና ጥረጊ። የረገፈውን ቅጠል በየሳምንቱ ልቀሚ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው። ማንኮዜብ የሚባለውን የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ከገዛሽ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ጓንት አድርገሽ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ርጪ። የሚከላከለው ገና ያልታመመውን ቅጠል ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ካጠበው ድካምሽ ከንቱ ነው። ጥቅምት ላይ የምታዪው ነጭ ዱቄት ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይወዳል።

በክረምቱ መካከል ዩሪያ አትስጪ። የሚያወጣው ለስላሳ ቀንበጥ የበሽታ ምግብ ነው፣ የተረፈውንም ዝናቡ ያጥበዋል። ዋናውን የቅርንጫፍ ግረዛና ኮምፖስቱን (ለአንድ ጽጌረዳ 2 ወይም 3 ኪሎ) መስከረም መጨረሻ ላይ አድርጊ።

ያስቀመጥሽውን ገለባ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አውጪው፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ አንድ መዳፍ ራቅ አድርገሽ። ምስጥ ካለበት በየሁለት ሳምንቱ ገልጠሽ እዪው። በገለባ ፈንታ ከሐይቁ እንቦጭ የሚያመጣ ሰው ካለ፣ አበባ ያወጣውን አትቀበዪው፣ ዘሩ ለዓመታት ይቆያል፤ ያላበበውም ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ካልደረቀ ቦይሽ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል።