«እስያዊት» የሚለውን ቁጥር ከፋፍይው

አንዱ ጥናት «እስያውያን እናቶች በወሊድ ደህና ናቸው» ይላል፣ ሌላው «ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው» ይላል፤ የቱን ልመን ብለሻል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የደመሯቸው ሴቶች አንድ ዓይነት አይደሉም።

የያዝሽው የአሜሪካ የልደት መረጃ ከሆነ መፍትሔው እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጽ ሕንዳዊት፣ ቻይናዊት፣ ፊሊፒናዊት፣ ጃፓናዊት፣ ኮሪያዊትና ቬትናማዊት እናትን ለየብቻ ይመዘግባል። በዚያ ከፍለሽ እንደገና አስይው።

ሕንዳውያኑን ተመልከቺ። ብዙዎቹ የተማሩ ናቸው፣ ገቢያቸውም ደህና ነው። ሆኖም ከ2500 ግራም በታች የሚወለድ ሕፃን ከቻይናና ከኮሪያ እናቶች ይልቅ እነሱ ዘንድ ይበዛል። የእርግዝና ስኳርም በብዛት ይታይባቸዋል። ድህነት ብቻውን አያስረዳውም ማለት ነው፤ እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፊሊፒናውያን ላይ ደግሞ የደም ግፊትና ያለጊዜ መውለድ ጎልቶ ይወጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር)። እኔ ለሁሉም 25ን የከመጠን በላይ ክብደት መነሻ አድርጌ ሠርቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያውያን 23ን ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥብ አድርገው አቅርበዋል። ለስኳር የተጋለጡ ብዙ እናቶች «ጤናማ ክብደት» ውስጥ ተደብቀውብኝ ቀሩ። የነቃሁት ሥራውን ካስረከብኩ በኋላ ነው። ከእርግዝና በፊት የነበረውን ክብደት ወስደሽ በ23ም ሞክሪው።