«የምትፈሪው ታክሲ ውስጥ ግቢ» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምትኖሪው። ታክሲ ውስጥ ድንገት ልብሽ እየመታ፣ እጅሽ እየደነዘዘ ሲያስቸግርሽ ፒያሳ መውጣት ተውሽ። ልብሽ ተመረመረ፣ ጤነኛ ነው ተባልሽ። አሁን ደግሞ የሥነ አእምሮ ባለሙያዋ «ቀስ በቀስ ታክሲ መሳፈር እንጀምራለን» ስትልሽ «ይሄ በቁስሌ እንጨት መስደድ አይደለም ወይ?» አልሽ። ከስር ከመለሱልሽ ግማሹ «እንዳትሞክሪው» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «ደፍረሽ ዘው በይ» ይላል። በሁለቱም አልስማማም። በዚሁ በሽታ (ፓኒክ ይሉታል፣ አደጋ ሳይኖር ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ፍርሃት ነው)፣ በዚሁ መስመር ተሰቃይቻለሁ፤ የተሻለኝም በዚሁ ሕክምና ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ቡና ትተሽም ከሆነ እመጣበታለሁ።

ኤክስፖዠር ቴራፒ ይሉታል፣ ፍርሃትን መጋፈጥ እንበለው። ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት በሽታው ራሱ እንዴት እንደሚያድግ ማየት ነው። ልብሽ ይመታል፣ «ወራጅ አለ!» ትያለሽ፣ እግርሽ መሬት ሲረግጥ እፎይ ትያለሽ። ወጥመዱ እፎይታው ነው። አእምሮሽ «ባልወርድ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ቀን ገና ታክሲ ስትጠብቂ ይጀምርሻል። ከዚያ ገበያው ይከተላል፣ ከዚያ ሰርግ፣ ከዚያ ቅዳሴ ላይ መሃል መቆም፣ እያለ እያለ እኔ ከግቢ በር የማላልፍበት ደረጃ ላይ ደርሼ ነበር። «ባልወርድስ ምን እሆን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቶ አያውቅማ። ሐኪሙም፣ እናቴም፣ የንስሐ አባቴም «ምንም አትሆንም» ብለውኛል፤ ሁሉንም አምኛቸዋለሁ፤ ልቤ ግን አላመነም። ሰውነት በወሬ አይማርም።

እኔ ሕክምናውን የጀመርኩት ታክሲ ውስጥ አልነበረም። ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ነው። አፍንጫዬን ይዤ በቀጭን የጁስ ስትሮው ተነፈስኩ፣ ባለሁበት ቆሜ ሮጥኩ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ዞርኩ። ባለሙያው አብሮኝ እየዞረ ነበር፣ ደግሞ ከእኔ በላይ ዞሮበት ጠረጴዛውን ያዘ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን የምፈራው ታክሲውን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የምፈራው የልቤን ምት፣ የትንፋሼን ማጠር፣ የራሴን መዞር ነው። ስለዚህ እነሱን ሆን ብሎ መጥራት፣ ሲመጡም አለመሸሽ። (አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና ወይም የልብ ችግር ካለ ግን አስቀድሞ ንገሪያቸው፤ ይሄኛው ክፍል ይለወጣል።)

ቡናም በዚሁ ገባ። ልቤን ያስመታዋል ብዬ ትቼው ነበር፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ በሰበብ እቀራለሁ። የቤት ሥራ ሆኖ ተሰጠኝ፦ አቦሉን ጠጥቶ እዚያው መቀመጥ፣ ተነስቶ አለመሄድ። እንዲህ ያለ ሕክምና ማን ይጠላል!

ከዚያ ደረጃ ይወጣል። የምትፈሪውን ሁሉ ትጽፊያለሽ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ትሰጫለሽ። የኔው ከቆመ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ይጀምርና ከማራኪ ፒያሳ፣ ከአዘዞ ፒያሳ፣ ቅዳሜ ገበያ እያለ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ከተራ ነበር። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ያለውን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ልውጣ ቢሉ እንኳ መውጫ የለም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ልቤ መታ። እየመታ ታቦቱን ሸኘሁ።

ከመሳፈርሽ በፊት የምትጠብቂውን በደብተር ጻፊ። እኔ «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» ብዬ ነበር የምጽፈው። ስመለስ ከጎኑ የሆነውን እጽፋለሁ። በነገራችን ላይ ፓኒክ ሲመጣ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ራስን መሳት ደግሞ የሚመጣው ግፊት ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ በፓኒክ ራስን መሳት እምብዛም አይታይም። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ግን ሌላ ናቸው፣ የእነሱ ግፊት እውነትም ይወርዳል፤ ጡንቻን አጠንክሮ ግፊቱን የሚይዙበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ስትገቢ ምን ምን ይዘሽ ነው የምትገቢው? እኔ ሃይላንድ ውሃ ይዤ፣ ለማሽተት ሎሚ ይዤ፣ ስልኬ ላይ የእናቴን ቁጥር ከፍቼ፣ በሩ ጋ ረዳቱ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ነበር። እንዲህ ሆኖ ፒያሳ መድረስ ይቻላል። ግን አእምሮ የሚማረው «ሎሚው አዳነኝ» የሚለውን ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይቀነሳሉ። መጀመሪያ ሎሚው ቀረ፣ ቀጥሎ ውሃው። ከሁሉም የከበደኝ መቀመጫው ነው፦ የኋላ ወንበር፣ ጥግ፣ ሦስት ሰው ተጨናንቆ፣ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት «ልጄ መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ይመታናል» ሲሏት ልጅቷ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ጉልበቴ የፊቱን ወንበር ይነካል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ምንም አላደረግኩም። ቁጥር አልቆጠርኩም፣ በረጅሙ ልተንፍስ ብዬም አልታገልኩም። ፒያሳ ደርሰን ሰው ሲወርድ እኔም ወረድኩ።

ፍርሃቱ እዚያው ወንበር ላይ ካልበረደ «አልተሳካም» እንዳትዪ። ብዙ ጊዜ ከቆዩበት ራሱ ይበርዳል፣ አንዳንዴ ግን አይበርድም። ከፍርሃቱ ጋር መድረስሽ ነው ትምህርቱ። የድሮው ፍርሃትም ጨርሶ አይሰረዝም፣ አዲሱ ትምህርት አጠገቡ ይቀመጥና ይፎካከረዋል። ለዚህ ነው በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ታክሲ፣ ብቻሽን፣ ሲሞቅም ሲዘንብም መለማመድ የሚያስፈልገው። ክረምቱን ቤት ከርመሽ መስከረም ላይ ቢመለስብሽ አትደንግጪ፣ ደረጃውን ሁለተኛ ጊዜ መውጣት ይቀላል።

«የፈረንጅ ሙከራ ነው» ላለው ወንድም፦ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን፣ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ እያስጠጋች ፍርሃቱን እንዳስተወችው ጽፋለች። በደረጃ የመሄዱን ዘዴ ደግሞ በ1950ዎቹ ያዳበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ነው፣ የአህጉራችን ልጅ።

ጠበልሽን ማንም አያስተውሽም። እኔም እጠመቅ ነበር። ባለሙያው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ጠበሉም በታክሲ ሂድ። መድኃኒት ላይ ካለሽም እንደ ዲያዜፓም ያለውን ከመሳፈር በፊት መዋጥ ትምህርቱን ያደበዝዘዋልና ጉዳዩን ለሐኪሙ አንሺበት፤ በራስሽ ግን ድንገት እንዳታቋርጪ። ሌሎቹ በየቀኑ የሚወሰዱት የጭንቀት መድኃኒቶች አብረው ይሄዳሉ።

ቤተሰብ ላይ ግን ጨከን ማለት አለብሽ። እናቴ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ «ብቻህንማ አትሄድም» ትላለች። ባለሙያው ጠርቶ አስረዳት። «አይዞህ» ትበል፣ ምርቃቷንም ትስጥ፣ ግን አትከተል። በጣም ተከፋች፣ ለተወሰነ ጊዜም አኩርፋኝ ነበር።

የእውነት አደጋ ያለበት ነገር ላይ ይሄ ሕክምና አይሠራም። መንገድ አስጊ ነው ሲባል መቅረት ብልህነት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ክፉ ነገር ደርሶበት በዚያ የሚባንን ሰውም ዘዴው ይረዳዋል፣ ግን በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እንጂ በጓደኛ ምክር አይሞከርም። ባለሙያ የሌላችሁ ሌሎች አባላት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፣ ከዚያ ጀምሩ።

አንቺ ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሁለት ነገር ጽፈሽ ሂጂ። አንደኛ የምትሸሺውን ሁሉ፣ ትንሹን ሳይቀር። ሁለተኛ ስትወጪ የማይለይሽን ነገር፣ ውሃም ይሁን ሎሚ ወይም እህትሽ። «የትኛውን መጀመሪያ እንተው?» ብለሽ ጠይቂያት። ደረጃ ሳታወጣ፣ ምክንያቱን ሳታስረዳሽ «ዝም ብለሽ ግቢ» ብቻ ካለችሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ። ያወጣችሁትን ደረጃ እዚህ ብትለጥፊው ደስ ይለኛል፣ በዚያው መስመር የምንመላለስ ብዙ ነን።