ሳሉን ተይው፣ ደረቱን ገልጠሽ እዪ

ሰላም እህቴ። የሰባት ወር ልጅሽ መሳል ከጀመረ ሦስት ቀን እንደሆነው ጽፈሻል። አያቱ «ብርድ ነው፣ ቅቤ አስውጪው» ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ ሳምባ ምች እንዳይሆን ፈርተሻል። ሐኪም አይደለሁም። ግን ትንሹ ልጄ በአምስት ወሩ ሳምባ ምች ይዞት ነበር።

ያኔ የተሸወድኩት በሳሉ ነው። ታላቅየው ጉንፋን ሲይዘው ቤቱን በሳል ያናውጠው ነበር፤ በሳምንቱ ለቀቀው። ትንሹ ግን ብዙም አልሳለም። ጡት ይጀምርና ይተዋል፣ ያለከልካል። እኔ ልብስ ደራርቤ በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ፤ ምን ይታየኛል? ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ መጥታ «ግለጪው» አለችኝ። አየር ባስገባ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ስርጉድ ይላል። ስልኳን ይዛ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ 64። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት በረርን፤ አስተኝተው ኦክስጅን አደረጉለት።

ስለዚህ አሁኑኑ ቁጠሪ። ሲተኛ ወይም ሲረጋጋ ይሁን፤ እያለቀሰ አይሆንም። ሆዱ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ ስላልሆነ ግማሹን ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም የሚለዩት በዚሁ ነው። ለያንቺ ልጅ ወሰኑ 50 ነው።

ደረቱ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለሽ ግን መቁጠሩን ተይው። ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው።

ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከሰማሽ ደግሞ ብሮንካይላይተስ የሚሉት ሊሆን ይችላል። ቫይረስ ቀጫጭኖቹን የአየር ቧንቧዎች ሲያሳብጥ የሚመጣ በሽታ ነው። እንደ ጉንፋን ይጀምርና ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብሳል፤ አንቺ አሁን እዚያው ላይ ነሽ። አንቲባዮቲክ ለዚህ አይሠራም፤ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ በራስሽ እንዳትጀምሪ።

ቅቤውን አደራ! ትን ብሎት ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል። ማርም ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ከመጣ በሩን ዝጊበት። አፍንጫው ከታፈነ ከመጥባቱ በፊት ከፋርማሲ የሚገኘውን የጨው ውሃ ጠብ አድርጊለት። ቡና ሲፈላም ከሰልና ዕጣን ካለበት ክፍል አውጪው (አማቴ በዚህ ለሁለት ሳምንት ተቀይመውኛል)።

የክትባት ካርዱንም እዪ፤ በ6 ሳምንቱ የሚጀመረው የሳምባ ምች ክትባት እንዳይጎድልበት። ቢከተብም ሙሉ በሙሉ አያስቀርለትም፤ መቁጠሩ አይቀርልሽም።

ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። 50 ከሞላ ግን መጀመሪያ ሂጂ፣ ኋላ ትጽፊያለሽ።