ስለ ቤተሰብ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ አንድ ሥዕል፣ ሦስት ዓይነት ሥራ

ሰላም መምህርት። ጥያቄዎ 5ኛ ክፍል ውስጥ ስላሉት 64 ተማሪዎች ነው፦ ግማሽ ያህሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ገና ይምታታባቸዋል፣ ሰባት ስምንቱ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ስለ ቤተሰብ የሚያወራውን ምዕራፍ ለሁሉም እንዴት ላስተምር ነው ያሉት።

ሦስት የትምህርት ዕቅድ አያዘጋጁ፤ አንድ ሳምንት እንኳ አይዘልቁበትም። ሥዕሉ ለሁሉም አንድ ይሁን። የሚለያየው የሚሰጡት እገዛና የሚጠብቁት መልስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማን የት እንዳለ ይለዩ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሩብ ወረቀት ሰጥተው ስድስት ቃላት ያስጽፉ፣ ከዚያ ስለ አንድ የቤት ሰው ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። በውጤቱ ሦስት ቡድን ይወጣል፦ ሁለት ቃል እንኳ ያልሞላለት፣ ቃሉን ጽፎ ዐረፍተ ነገሩ ያቃተው፣ ሁለቱንም የሠራ። ይህ ክፍፍል በእርስዎ ደብተር ብቻ ይቀመጥ። ልጆች ለአንድ ቡድን «የሰነፎች» የሚል ስም ለማውጣት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም፤ ስሙ ከወጣ በኋላ እዚያ ያለ ልጅ እጁን አያወጣም።

ሥዕሉን በተተረተረ ማዳበሪያ ላይ በማርከር ይሥሩት። ዘጠኝ ሰው ይበቃል፦ አያቶች ታደሰና ዘነበች፤ ልጆቻቸው ከበደ፣ ሙሉና ግርማ፤ የከበደ ሚስት አስቴር፤ የከበደና የአስቴር ልጆች ሄለንና ዳዊት፤ የግርማ ልጅ ሳራ። ቤተሰቡ የፈጠራ መሆኑ ግድ ነው። «የአባትህን ሥራ ጻፍ» ሲባል አባቱ የሞተበት፣ አያቱ ጋር ወይም አክስቱ ቤት የሚያድግ ልጅ አንገቱን ይደፋል፤ ያኔ እንግሊዝኛው ቀርቶ ክፍሉ ራሱ ይከብደዋል። ስለ ራሳቸው ማውራት ከፈለጉ «ቤት ውስጥ አብረውህ የሚኖሩት እነማን ናቸው» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያካትታል። ፎቶ አምጡም አይበሉ፤ ብዙ ቤት የለም።

የአገራችን የስም ሥርዓት ደግሞ ትልቅ መሣሪያ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ የጋራ ስም አለው፤ ለልጆቻችን ይህ ግራ ነው። እነሱ ግን ሙሉ ስም ላይ ሦስት ትውልድ ያነባሉ። ሄለን ከበደ ታደሰ፣ ሳራ ግርማ ታደሰ፦ ሁለተኛው ስም ፋዘር፣ ሦስተኛው ግራንድፋዘር። ሦስተኛው ስም አንድ ሆኖ ሁለተኛው ሲለያይ ከዝንን አገኙ ማለት ነው። እኛ «የአጎት ልጅ»፣ «የአክስት ልጅ» እንላለን እንጂ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል ስለሌለን፣ ከዝን በትርጉም ሲነገራቸው አይያዝም፤ በስም ሲያገኙት ይያዛል። አስቴር ግን አስቴር ወልዴ ነች፤ ስታገባ ስሟ ስላልተቀየረ ከዛፉ ለይተው ያሳዩዋት።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ለአንድ ዴስክ ከካርቶን የተቆረጡ አምስት የሥዕልና አምስት የቃል ካርዶች ይውሰዱ፤ ሥራቸው ማዛመድ ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ ማዘር፣ ፋዘርና ብራዘር በላቲን ሲጻፉ መጨረሻቸው አንድ ነው፣ ጀማሪ ደግሞ በቃሉ ቅርጽ ይገምታል። ሦስቱን በአንድ ቀን አይስጡ። በማዘር፣ ሲስተር፣ ቤቢ ይጀምሩ፤ ፋዘር በማግስቱ፣ ብራዘር ከዚያ በኋላ።

ሁለተኛዎቹ የተቆራረጠ ዐረፍተ ነገር ይገጣጥሙ። «ዳዊት ኢዝ ሄለንስ ብራዘር» አምስት ቁራጭ ይሆናል፤ ከሄለን ቀጥሎ ያለችው «ስ» ብቻዋን በቀይ የተጻፈች ቁራጭ ትሁን። በአማርኛ «የ» ከፊት ስለሚመጣ («የሄለን ወንድም») ልጆች ከኋላ የምትመጣውን ይጥሏታል፣ «ሄለን ብራዘር» ይላሉ። ቁራጯ ጠረጴዛው ላይ ስትተርፍ ግን ስሕተቱን ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

ሦስተኛዎቹ ጥንድ ሆነው ሀ እና ለ የሚሉ ወረቀቶች ይያዙ። የአራት ሰው ዕድሜና ሥራ በአንዱ ላይ ብቻ፣ የሌሎች አራት ሰዎች በሌላው ላይ ብቻ ይጻፍ፤ በመጠየቅ ይሙሉ። ወረቀት ማሳየት ክልክል ነው፤ ካሳዩ መናገሩ ይቀራል። የጥያቄውን ቅርጽ ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸውና በየአምስት ደቂቃው አንድ ቃል ያጥፉበት።

ከአማርኛ የሚመጡ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። «ማይ ግራንድማዘር አር ኦልድ፣ ዘይ ሊቭ ኢን ጎንደር» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ አያቱን አንቱ እያለ ነው። እንግሊዝኛ አክብሮትን በ«ሺ» እንደማይቀንስ ይንገሩት፤ ልጆች ደፍረው «ሺ» ለማለት ይህ ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል። «ቱ ብራዘር» የሚለው «ሁለት ወንድም» ከማለታችን የመጣ ነው። ማዘርና ፋዘርን ደግሞ ከሰፈር ቋንቋ በ«ዘ» ለምደዋቸዋል፤ ምላስ ጥርስ መሃል ወጥቶ እንዲታይ አጠገብ ያለው ልጅ ይመልከትለት። እኔ እዚህ በፊደላችን ብጽፍም እነሱ በደብተራቸው እንዲህ እንዲጽፉ አይፍቀዱ፤ ያ «ዘ» ጸንቶ ይቀራል።

በመጨረሻ ሦስቱን ያደባልቁ፣ በእንቆቅልሽ። ሦስተኛዎቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፦ የሄለን አባት እህት ናት፣ ማን ናት? ሁለተኛዎቹ ጥያቄውን ደግመው ያነባሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ማዳበሪያው ላይ ሙሉን ጠቁመው «አንት» (አክስት) ይላሉ። ያልመለሰ ቡድን አገር ይሰጣል፤ «አይ ጊቭ ዩ ሐረር» ማለትም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ጨዋታውን ከቤት ስለሚያውቁት ሕጉን ለማስረዳት ጊዜ አይባክንም።

40 ደቂቃው እንዲህ ይከፈል፦ 8 ለጋራ፣ 18 ለየራስ ሥራ፣ 10 ለእንቆቅልሽ፣ 4 ለመዝጊያ። በ18ቱ ደቂቃ መዞሩን ይተዉና ከጀማሪዎቹ ሁለት ዴስክ ጋር ይቀመጡ፤ በማግስቱ ሌሎች ሁለት። 1 ለ 5 አደረጃጀቱን፣ ማለትም አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን የሚመራበትን ቡድን፣ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ጎበዙ ሁሉንም ይሠራና ሌሎቹ ይገለብጣሉ። በዴስክ ጥንድ ይሻላል። ቀድመው ለሚጨርሱት ተጨማሪ ገጽ አይስጡ፣ ቅጣት ይመስላቸዋል፤ ለነገው እንቆቅልሽ ይጻፉ።

ሲያርሙም ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ከጀማሪዎቹ የመጀመሪያ ፊደል፣ ከሁለተኛዎቹ ያቺን ቀይ «ስ»፣ ከሦስተኛዎቹ ሺና ሂ አለመቀላቀላቸውን። በየሁለት ሳምንቱ የሩብ ወረቀቷን ፈተና ደግመው ቦታ ያቀያይሩ።