ሌሊት የሚነዝር ጥርስ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው፦ ጥያቄና መልስ

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ስለ ጥርስና ስለ እንቅልፍ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ሰው ጥያቄውን አዘነበው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አፋችሁን ሳላይ የምሰጠው መልስ ምርመራን አይተካም። እንጀምር።

ከደብረ ብርሃን፦ ቀን ደህና እውላለሁ። ማታ ጋደም ስል ግን የታችኛው መንጋጋዬ ይነሳብኛል። ሲነዝረኝ ያድራል። "የከተማው ብርድ ነው፣ ተሸፋፍነህ ተኛ" ይሉኛል። እውነት ብርድ ነው?

እኛ አገር ብርዱ የማይከሰስበት በሽታ የለም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ክሱ ይገባኛል። ግን ጤነኛ ጥርስ በብርድ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ አይነዝርም። ብርድ የሚቀሰቅሰው ቀድሞ የተቦረቦረውን፣ የተሰነጠቀውን ወይም ድዱ የሸሸውን ጥርስ ነው።

ማታ ለምን እንደሚብስ ልንገርህ። ጥርስ መሐሉ ላይ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ክፍት ቦታ አለው። ዙሪያው ጠጣር ስለሆነ ውስጡ ተቆጥቶ ሲያብጥ የሚሰፋበት ያጣል። ስትጋደም ደግሞ ጭንቅላት አካባቢ ያለው የደም ግፊት ከፍ ስለሚል የታፈነው ነርቭ ይብሳል። በዚያ ላይ ሌሊት ሥራ የለ፣ ወሬ የለ፤ ሐሳብህ ሁሉ እዚያች ጥርስ ላይ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠዝጠዝ አድርጎህ ወዲያው የሚተው ጥርስ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ይድናል። ሳትነካው ራሱ የሚነሳ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ሻይ ሲያገኘው የሚብስና ለደቂቃዎች የማይለቅ ከሆነ ግን ነርቩ መዳን ከሚችልበት ደረጃ አልፏል ማለት ነው። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሩት ካናል የምትሉት የሥር ሕክምና ወይም መንቀል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ደጋግሜ አየዋለሁ። ሰውየው ሳይተኛ ይሰነብታል። አንድ ሌሊት ሕመሙ ድንገት ጥፍት ይላል። "ተመስገን፣ ተሻለኝ" ብሎ ይቀራል። አልተሻለውም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም፣ ባክቴሪያው ግን ሥራውን አላቆመም። በሥሩ በኩል ወርዶ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ያው ሰው ጉንጩ አብጦ ይመጣል። ስለዚህ ሕመሙ ቢቆምም ቀጠሮህን አትሰርዝ።

ከጻድቃኔ ማርያም፦ ሱባኤ ላይ ነኝ። ጥርሴ ሌሊት አላስተኛ አለኝ፤ ሳልጨርስ መውጣት ግን አልፈልግም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ያዢበት አለችኝ፣ ሌላዋ አረቄ በጥጥ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ሱባኤሽን ይቀበልልሽ። ነጭ ሽንኩርቱንም አረቄውንም ተዪ፤ ሁለቱም ድድ ያቃጥላሉ። አስፕሪን ጨፍልቆ ጥርስ ላይ ማድረግም እንደዚያው ነው። ቅርንፉድ ካገኘሽ አንድ ፍሬ የሚያመው ጥርስ ላይ ያዢ፤ ለጊዜው ያደነዝዛል። ውስጡ ያለውን ዘይት እኛም በሕክምናው እንጠቀምበታለን።

ማታ ራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፤ ትራስ ከሌለ ጋቢ አጣጥፈሽ። በጥርስሽ መሐል የገባ ምግብ ካለ በክር አውጪው፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ጉበቱን የሚያመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ሐኪም ሳያማክር ይህን ያህል አይውሰድ። አይቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም ጎበዝ ነው፤ ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ጾመኛ ስለሆንሽ ከወሰድሽው ማታ ከበላሽ በኋላ ይሁን።

እብጠትና ትኩሳት ከሌለ ለጥቂት ቀን በዚህ መሰንበት ይቻላል። ካበጠ ግን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ውጪ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም።

በነገራችን ላይ "አሞክሳሲሊን ገዝቼ ልዋጥ?" ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰውን የነርቭ ሕመም አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። መግል ሲኖርና ኢንፌክሽኑ ሲሰራጭ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፤ ያኔም ጥርሱ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።

ከደብረ ሲና፦ ባለቤቴ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት መንጋጋዬን ደከመኝ፣ ራሴን አመመኝ ይላል። እናቱ የሆድ ትል ነው ብለው ኮሶ አጠጡት። ምንም ለውጥ የለም።

ባይኖር አይገርምም። ጥርስ ማፋጨት የትል ነው የሚለው አባባል ያልደረሰበት አገር የለም፤ አሳማኝ ማስረጃ ግን የለውም። ሰው ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጨው ብዙ ጊዜ እንቅልፉ ለአፍታ ሲሳሳ ነው። አንጎል ነቃ ይላል፣ ልብ ፈጠን ይላል፣ የመንጋጋ ጡንቻ ሥራ ይጀምራል። ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ሲጋራና ቡና ያባብሱታል፤ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም እንዲሁ። መድኃኒት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ እንዳያቆም።

ቡናውን ዝም ብዬ አላልፈውም። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣው ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። "እኔን ቡና አይነካኝም" የሚሉ ሰዎች ይተኛሉ፤ እንቅልፋቸው ግን አይጠልቅም።

ጥርሱ እየተፈጨ ከሆነ በአፉ ልክ የሚሠራ የሌሊት መከላከያ አለ። ጥርሱን ያድንለታል፤ ማፋጨቱን ግን አያስቆመውም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ያንኮራፋል? ካንኮራፋ የሚቀጥለውን መልስ አብራችሁ አንብቡት።

ከሸዋ ሮቢት፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ የደሴን መንገድ የምመላለስ። ጫት እቅማለሁ፣ ከለስላሳ ጋር። ረዳቴ "ስታንኮራፋ ቆይተህ ትንፋሽህ ጥፍት ይላል" ይለኛል። ጠዋት አፌ ደርቆ ነው የምነቃው። ጥርሴም ከድዱ ሥር እየተበላ ነው። ይያያዛል?

ይያያዛል ወንድሜ። ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ያንተ ነው።

ከትንፋሹ ልጀምር። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ ተዘግቶ አየር ይቋረጣል፤ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጥና ይቀሰቅስሃል፣ አየር ስበህ ትቀጥላለህ። ይህ በየሰዓቱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ አንተ አታስታውሰውም። 8 ሰዓት ተኝተህ ያልተኛ ሰው ሆነህ የምትነሳው ለዚህ ነው። ውፍረት፣ ወፍራም አንገት፣ ወደ ኋላ የገባ አገጭ፣ መጠጥና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ሳይታከም ሲቆይ የደም ግፊትንም ያስከትላል።

ወደ ጥርሱ እንምጣ። ምራቅ አሲድን ያጥባል፣ ከጥርስ የወጣውን ማዕድን ይመልሳል። ሌሊት በተፈጥሮው ይቀንሳል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ የቀረችውንም ያደርቃታል። አንተ ጫት ትጨምርበታለህ፤ እሱም አፍ ያደርቃል። ለስላሳው ስኳርም አሲድም ነው፤ ለሰዓታት ፉት እያልክ ስለምትውል ጥርስህ አያርፍም። ከድድ ሥር የተበላው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጥርስ ማፋጨትም ከዚህ የትንፋሽ ችግር ጋር አብሮ ይታያል።

እኛ አፍ ስንከፍት የምናየው ምልክት አለ፦ ጠርዙ ላይ የጥርስ ማኅተም ያረፈበት ምላስ፣ የተፈጨ ጥርስ፣ ጠባብ ላንቃ። በእነዚህ እንጠረጥራለን እንጂ አናረጋግጥም። የሚረጋገጠው ተኝተህ ትንፋሽህና ኦክስጅንህ ሲለካ ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ወይም ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጀምር፤ ወደ አዲስ አበባ ሊጽፉልህም ይችላሉ። ሕክምናው እንደ ክብደቱ ነው። አየር በግፊት የሚሰጥ የአፍንጫ ጭንብል አለ። ቀለል ላለው ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው መሣሪያ አለ። እስከዚያው በጎንህ ተኛ፣ ማታ መጠጥ ተው፣ ለስላሳውን በውሃ ቀይር።

ጫቱ እንቅልፍን ይደብቀዋል እንጂ አይተካውም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዓይንህ ከከበደ መኪናውን አቁመህ 20 ደቂቃ ተኛ። ጭነቱ ይደርሳል።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ያንኮራፋል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ቀን ሲነጫነጭ ይውላል። አማቴ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ" እያሉ ነው።

እባክሽ እንዳታስቆርጪው። እንጥል ማስቆረጥ ብዙ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በምላጩ ቴታነስና ኤችአይቪ ሊተላለፍ ይችላል። ችግሩም እዚያ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አየር የሚዘጋው ያደገ ቶንሲል ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ተመሳሳይ እጢ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ አያንቀላፋም፤ ይቅበጠበጣል፣ ያለቅሳል፣ ትምህርት አይገባውም። "ባለጌ ሆነ" ተብሎ የሚገረፍ ልጅ አንዳንዴ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ነው። ለዓመታት በአፉ ሲተነፍስ ደግሞ የላይኛው መንጋጋው ጠቦ ቋሚ ጥርሶቹ ተደራርበው ሊወጡ ይችላሉ። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ነው የሚያምኑት።

ለሕፃናት "ግግ ነው" ተብሎ የሚነቀለውም ነገር ያው ነው። የሚወጣው በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የውሻ ክራንቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ጡጦ ለጠየቃችሁ እናቶች፦ ወተት ወይም ስኳር ያለው ነገር የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ ትታችሁ አታስተኙት። የፊት ጥርሶቹ ናቸው ቀድመው የሚያልቁት። ማታ ማታ ጥርስ የሚያፋጩ ልጆች ግን አብዛኞቹ እያደጉ ይተውታል።

ከአንኮበር፦ ሰው ሠራሽ ጥርሴን ማታ ላውጣው ወይስ ልተኛበት? ሳወጣው ፊቴ ይጎደጉዳል፣ የልጅ ልጆቼ ያዩኛል ብዬ አፍራለሁ።

እናቴ፣ ያውጡት። ድድዎ ማረፍ አለበት። ሲተኙበት ላንቃ ላይ ፈንገስ ያበቅላል፣ ያቃጥላል። በቡሩሽ አጥበው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። የፈላ ውሃ አይንካው፣ ይጣመማል። የልጅ ልጆችዎ ደግሞ ይለምዱታል።

ከሞላሌ፦ እኛ በወይራ መፋቂያ ነው ያደግነው። ቡሩሽ ግድ ነው?

መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ጫፉ ለስልሶ ድድ ሳይወጋ። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው። ቢያንስ ከመተኛትህ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለ2 ደቂቃ ቦርሽ፤ ትፋውና ብዙ አትጉመጥመጥ፣ ትንሽ ይቅርበት። ጠዋት ብቻ ለሚቦርሽ ሰው ምክሬ ይኸው ነው። የማታው ይበልጣል፤ ሌሊት ምራቅ አይረዳህምና። ለመቁረብ ስትሉ ጠዋት አፋችሁን የማታጥቡ የጠየቃችሁኝም፣ መልሱ የማታው ነው።

ከአለም ከተማ፦ ማታ ስተኛ ቃር ወደ አፌ ይመጣል። የጥርሴ ጀርባ ሳስቷል ተባልኩ።

ከጨጓራ የሚወጣው አሲድ ጥርስን ያሟሟል፤ የላይኛው ጥርስ ጀርባ ሲሳሳ መጀመሪያ የምንጠረጥረው እሱን ነው። ራት በልተህ 2 ወይም 3 ሰዓት ሳይሞላህ አትተኛ፤ በግራ ጎንህ ተኛ፤ የራስጌህን ከፍ አድርግ። አሲዱ ከመጣ ወዲያው አትቦርሽ፣ የላላውን የጥርስ ሽፋን ትፍቀዋለህ። በውሃ ተጉመጥምጠህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ። ጨጓራህን ግን ታከም።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፦ መጨረሻ ላይ የሚወጣው መንጋጋዬ ግማሹ ወጥቶ ድዱ አብጧል። አፌን መክፈት ከብዶኛል፣ ሌሊት አልተኛም። ፈተና ላይ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ልታገሠው?

ሁለት ሳምንት አይታገሡትም። ከጥርሱ በላይ በቀረው ድድ ሥር ምግብ ገብቶ አመርቅዟል። ዛሬ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጥክ ነገ ጠዋት ታይ፤ ማጠቡና ማጽዳቱ ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ መንቀል ካስፈለገ ከፈተናው በኋላ ሊሆን ይችላል። አፍህ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለህ፣ እብጠቱ ወደ አገጭህ ሥር ወይም ወደ አንገትህ ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተህ ወይም ተጋድመህ መተንፈስ ከከበደህ ግን ነገን አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ጓደኛህን ቀስቅሰህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።