ጠበቃ ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር

«ሐዋሳ ውስጥ ጠበቃ ነኝ፤ ለሲዳማ ክልል ምክር ቤት መወዳደር እችላለሁ? ፈቃዴስ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ጥብቅና አያግድህም፤ የፓርቲ አባል እንዳይሆን የተከለከለው ዳኛው ነው። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት፤ በፓርቲ ወይም በግል ትቀርባለህ። ጣጣው የሚመጣው ከተመረጥክ በኋላ ቢሮ ኃላፊ ሆነህ ከተሾምክ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ይዞ ችሎት መቆም የለም። ያኔ ብዙዎች በሹመቱ ደስታ መዝገቦቻቸውን ይረሳሉ። በቀጠሮው ቀን ከሳሽም ጠበቃውም ሳይቀርቡ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፤ የተከሳሽ ወገን ከቀረ ደግሞ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ስለዚህ ለደንበኞችህ አስቀድመህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ዋና ሰነዶችን አስፈርመህ አስረክብ፣ ያልሠራህበትን ክፍያ መልስ፣ ውክልናውም ይነሳ። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠርበት ፋይል ካለ ግን ከሁሉም በፊት እሱን፤ በፍትሐ ብሔር 60 ቀን ብቻ ነው።