የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዘፈን የሌለው ኦዝ

ጥያቄ፦ «ሪተርን ቱ ኦዝ»ን ለስምንት ዓመት ልጄ ከማሳየቴ በፊት ብቻዬን አየሁት። ገና ከመጀመሩ ልጅቷን የአእምሮ ሐኪም ቤት ያስገቧታል፤ ዘፈን የለ፣ ጭፈራ የለ። ፊልሙ እውነት መጥፎ ነው ወይስ ያለ ስሙ ስም ወጥቶለት ነው? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጉድለት አለበት፤ የተወቀሰው ግን ባላጠፋው ነው። ዲስኒ በ1985 ሲያወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡ የጠበቀው ጁዲ ጋርላንድ የዘፈነችበትን የ1939ኙን «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ቀጣይ ነበር። 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 11 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው። «ለልጅ ይከብዳል» ተባለ። አስፈሪነቱ ግን አብዛኛው ከኦዝ ደራሲ ከኤል. ፍራንክ ባውም መጻሕፍት የመጣ ነው፤ ጭንቅላት እንደ ልብስ የምትቀያይረው ልዕልትም፣ ሰውን የቤት ጌጥ የሚያደርገው የኖሞች (ከመሬት በታች የሚኖሩ ፍጡራን) ንጉሥም እዚያው አሉ። ባለታሪኳ ዶሮቲም በመጽሐፉ ትንሽ ልጅ ናት። ጋርላንድ ስትጫወታት 16 ዓመቷ ነበር፤ የዚህኛው ፊልም ዶሮቲ፣ ፌሩዛ ባልክ፣ ግን ቀረጻው ሲጀመር አሥር እንኳ አልሞላትም።

ትልቁ ጉድለት ሐኪም ቤቱ ጋ ነው፤ ያስፈራል ብዬ ግን አይደለም። በመጽሐፉ ኦዝ በእርግጥ ያለ አገር ነው፣ በ1939ኙ ፊልም ሕልም ነው፣ ይኼኛው ሁለቱንም ልያዝ ይላል። የሐኪም ቤቱ ታሪክ ከባውም የለም፤ ነርሷና ጠንቋይዋ ሞምቢ አንድ ተዋናይ (ዣን ማርሽ)፣ ሐኪሙና የኖሞቹ ንጉሥም አንድ ተዋናይ (ኒኮል ዊሊያምሰን) የሆኑት እንደ 1939ኙ ሕልም ነው ለማሰኘት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የኦዝ ገዥ ኦዝማ በመስተዋት ብቅ ትልና አገሩ እውነት ሆኖ ይገኛል። ያን ያህል ያስጨነቀን ሐኪም ቤት በመብረቅ መቃጠሉንና ሐኪሙ መሞቱን በወሬ እንሰማለን፣ ነርሷ ታስራ በጋሪ ስታልፍ እናያለን፣ በቃ።

ሁለተኛው ጉድለት ባልንጀሮቿ ናቸው። አንዱ መዳብ፣ አንዱ ዱባ፣ አንዱ ሶፋ ላይ የታሰረ የአውሬ ጭንቅላት፣ አንዷ ዶሮ። ሲሠሩ ግሩም ናቸው፣ ፊታቸው ግን ብዙ አይናገርም። በ1939ኙ ከሜካፑ ሥር የሦስት ተዋንያን ዓይን ይታይ ነበር። እዚህ ስሜቱን ሁሉ የተሸከመችው ባልክ ብቻ ናት፤ መሸከሟ ራሱ ይገርማል።

ጥያቄ፦ ክቡ የመዳብ ወታደር ውስጥ ሰው አለ? የድንጋዩስ ንጉሥ በምን ተሠራ? (ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቲክ-ቶክ (ከስልኩ መተግበሪያ ጋር ዝምድና የለውም) ውስጥ አክሮባቱ ማይክል ሰንዲን ነበር። ወገቡን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን በእግሮቹ መካከል ዘቅዝቆ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው ወደ ፊት የሚሄድ ያስመሰለው፤ መንገዱን የሚያየው ውስጥ በተገጠመ ትንሽ ስክሪን ነው። ረጅም ቀረጻ እንዲህ ሆኖ አይቻልም።

የድንጋዩ ንጉሥ፣ ማለትም የኖሞቹ ንጉሥ፣ የጭቃ አኒሜሽን ሠሪው የዊል ቪንተን ቡድን ሥራ ነው። ጭቃውን በጥቂቱ እየለወጡ አንድ አንድ ፍሬም ያነሡታል፤ ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም ይቆጠራል። ልብ ብለህ ተመልከት፦ የዶሮቲ ባልንጀሮች ንጉሡ ጌጥ ያደረገውን ጓደኛ ከጌጦቹ መካከል ለይተው ማግኘት ሲያቅታቸውና በተራቸው ጌጥ ሲሆኑ፣ ንጉሡ ከጭቃነት ወደ ሥጋ ይጠጋል። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ያለ ፊት ነው፣ በኋላ ዊሊያምሰን ራሱ ተቀምጦ ይገኛል። ማንም ሳያስረዳ ልጅ ይገባዋል። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለኦስካር የታጨውም በልዩ ኢፌክቱ ነው።

ድምፁንም በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ዳይሬክተሩ ዋልተር መርች «አፖካሊፕስ ናው» በተባለው ፊልም ላይ በድምፅ ሥራው ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። የሐኪም ቤቱ ተሽከርካሪ አልጋ ሲንጫጫ የሰማችሁትን ድምፅ፣ በእጅና በእግራቸው ጎማ ያላቸው ዊለሮች ሲመጡ ትለዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጫማው በመጽሐፉ ብር፣ እዚህ ቀይ የሆነው ለምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀዩ ጫማ የ1939ኙ ፊልም ፈጠራ ነው። መብቱ ያን ፊልም የሠራው ኩባንያ የኤምጂኤም ስለነበር ዲስኒ ከፍሎ ነው የተጠቀመበት።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ላሳያት? (የመጀመሪያዋ ጠያቂ)

መልስ፦ ለስምንት ዓመት ልጅ አብረዋት ከተቀመጡ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ይቆይ። ቀን ላይ ይክፈቱት። ሐኪም ቤቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ የሐኪሙ የኤሌክትሪክ ማከሚያ መሣሪያ ዶሮቲ ላይ ከመሥራቱ በፊት መብራት እንደሚጠፋ አስቀድመው ይንገሯት። ከዚያ የሚከብደው የሞምቢ አዳራሽ ነው (በፊልሙ ጭንቅላት የምትቀያይረው እርሷ ናት)፦ ዶሮቲ ግዑዙን ነገር ሕያው የሚያደርገውን የሕይወት ዱቄት ልትወስድ 31 ቁጥር ቁም ሣጥን ስትከፍት ጭንቅላቱ ይነቃል፣ ጭንቅላት የሌለው አካል ተነሥቶ ያባርራታል። እዚያ ላይ ሪሞቱ በእጅዎ ይሁን። ቀጥሎ ያለው ሁለት ሶፋ አስረው፣ የዘንባባ ቅጠል ክንፍ አድርገው የሚበሩበት ነው፤ ቶሎ ያስቃታል።

ከቻላችሁ «ኦዝማ ኦፍ ኦዝ»ን (1907) አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ቲክ-ቶክ፣ ዊለሮቹ፣ ዶሮዋና ንጉሡ ከዚያ ናቸው። ሞምቢ፣ ባለ ዱባ ራሱ ጃክና የሕይወት ዱቄቱ ደግሞ ከ1904ቱ «ዘ ማርቨለስ ላንድ ኦፍ ኦዝ» ናቸው። ሁለቱም የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ በእንግሊዝኛ በነፃ ይገኛሉ።